ክሌርሞንት፦ መጋዘን ውስጥ የቆየው ማስረጃ

ክሌርሞንት የፐርዝ ባለጸጎች የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ምዕራብ አውስትራሊያውያን በሰላማዊነቱ የሚያውቁት፣ ወጣቶች ቅዳሜና እሑድ ሌሊት የሚዝናኑበት ቦታ ነበር። ጃንዋሪ 27 ቀን 1996 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የ18 ዓመቷ ሳራ ስፓየርስ ከጓደኞቿ ተለይታ ወጣችና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ላይ ከመንገድ ዳር ስልክ ታክሲ ጠራች። ታክሲው ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲደርስ ልጅቷ የለችም። በጁን የ23 ዓመቷ ጄን ሪመር፣ በማርች 1997 ደግሞ የ27 ዓመቷ የሕግ ባለሙያ ሲያራ ግሌነን ከዚያው ሰፈር ጠፉ። የሁለቱ አስከሬን አንዱ ከከተማው በስተደቡብ፣ ሌላው በስተሰሜን ጫካ ውስጥ ተገኘ። የሳራ ግን አልተገኘም።

ፖሊስ «ማክሮ» የተባለ ግብረ ኃይል አቋቋመ። የታክሲ ሹፌሮች ተጣሩ። አንድን የመንግሥት ሠራተኛም በጥርጣሬ ለረጅም ጊዜ በግልጽ ሲከታተሉት ኖሩ፤ እጁ ግን አልነበረበትም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ከዚህ በፊት የሆነው ነው። በ1988 ሀንቲንግዴል በተባለ ሰፈር አንድ ሰው በሌሊት ቤት ገብቶ የተኛች ወጣት አጠቃ፤ ሲሸሽ የሐር ኪሞኖ ጥሎ ሄደ። በ1990 ብራድሊ ኤድዋርድስ የተባለ የስልክ ቴክኒሻን ለሥራ በሄደበት ሆስፒታል አንዲት ሠራተኛ ከኋላዋ ይዞ አፏን በጨርቅ አፈነ፤ ወደ መጸዳጃ ቤትም ሊጎትታት ሞከረ። ፍርድ ቤት ድርጊቱን ተራ ድብደባ ብሎ የሁለት ዓመት የገደብ ቅጣት ወሰነበት። ሥራውንም አላጣም! በ1995 ደግሞ ከክሌርሞንት በእግሯ ስትጓዝ የነበረች የ17 ዓመት ልጅ ታፍና ካራካታ መቃብር ውስጥ ተደፈረች። በሴት ላይ የተፈጸመ ጥቃት እንደ ዋዛ ሲታለፍ ምን እንደሚከተል ለማየት ከዚህ የበለጠ መዝገብ አላውቅም።

በ2008 ከሲያራ ጥፍር ሥር የተገኘው ዲኤንኤ ከካራካታው ጋር ገጠመ። የማን እንደሆነ ግን የታወቀው ኪሞኖው በ2016 ሲመረመር ነው። ከ28 ዓመት በኋላ! ያ ዲኤንኤ ከኪሞኖውም ላይ ተገኘ፤ በሀንቲንግዴል የቀረ የጣት አሻራም ወደ ኤድዋርድስ መራ። በዲሴምበር ያዙት።

ችሎቱ በኖቬምበር 2019 ተጀመረ። ኤድዋርድስ የሀንቲንግዴሉንና የካራካታውን ጥቃት አስቀድሞ አምኗል፤ ግድያዎቹን ግን ካደ። ዳኛ ስቲቨን ሆል በሴፕቴምበር 2020 በጄንና በሲያራ ግድያ ጥፋተኛ አሉት። በሳራ ጉዳይ ግን ገዳዩ እሱ የመሆኑ ዕድል ቢያመዝንም ከጥርጣሬ በላይ አልተረጋገጠም ብለው በነጻ አሰናበቱት። በሕጉ ትክክል ናቸው፤ አስከሬን በሌለበት፣ ዲኤንኤ በሌለበት ዳኛ በግምት አይፈርድም። ቅጣቱ የዕድሜ ልክ እስራት ሲሆን 40 ዓመት ሳይሞላው የአመክሮ ጥያቄ ማቅረብ አይችልም።

ኤድዋርድስ ስለ ሳራ ከክህደቱ በቀር የተናገረው ነገር የለም። ቤተሰቧ እስከ ዛሬ የሚቀብሩት አካል አላገኙም፣ እርማቸውንም አላወጡም።