ፍሪጃችን ሲጮህ ምን ማድረግ ይገባናል?



የጌዴኦ ዞን ከተማ የሆነችው ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን አየሯም ሞቅ ያለ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አየር ጥሬ ሥጋና ወተት ውጭ ካደሩ ይበላሻሉ። ስለዚህ ፍሪጅ ያለው ቤተሰብ፣ በተለይ በዐረፋ በዓል ሰሞን፣ የዑድሒያውን ሥጋ ለፍሪጁ አምኖ ይተኛል።

በሐዲስ እንደተዘገበው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ወቅት የዑድሒያ ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ እንዳይቀመጥ ከልክለው ነበር፤ ይህም በዚያ ዓመት ሕዝቡ ተቸግሮ ስለነበር ነው። በቀጣዩ ዓመት ግን እንዲበሉ፣ እንዲያበሉና እንዲያስቀምጡ ፈቅደዋል። እንግዲህ ማስቀመጥ የተፈቀደ ነው፤ ማባከን ግን አይደለም። ሥጋው ፍሪጅ ውስጥ ከተበላሸ እኛም አልበላነው፣ ችግረኛውም አላገኘው።

ለመሆኑ የትኛው ድምፅ ያሳስባል? ሞተሩ (ኮምፕረሰሩ) ሲሠራ የሚሰማው ዝግ ያለ እምምታ፣ ጋዙ በቱቦ ሲያልፍ የሚሰማው ውኃ የሚፈላ የሚመስል ድምፅና ፕላስቲኩ በሙቀትና ቅዝቃዜ ሲለጠጥና ሲኮማተር የሚሰማው ቀጭ ማለት የጤና ናቸው።

መንቀጥቀጥና መንኳኳት ከሆነ ግን ፍሪጁ ወለሉ ላይ እኩል አልተቀመጠም፣ ወይም ግድግዳ ነክቷል፣ ወይም ጠርሙሶቹ ይጋጫሉ። እግሮቹን አስተካክሎ ከግድግዳው አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ማራቅ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከውስጥ የመፋቅ ድምፅ ቢመጣ የአየር ማራገቢያው በረዶ እየነካ ሊሆን ይችላል፤ ከሶኬት ነቅሎ በሩን ከፍቶ በረዶው እስኪቀልጥ መጠበቅ ነው። በረዶን በቢላዋ መፈልፈል ግን ቱቦውን ይበሳል፤ ጋዙም ያልቃል።

«ጠቅ» ብሎ ጥቂት አጉረምርሞ እንደገና «ጠቅ» እያለ የሚደጋግም ፍሪጅ ሞተሩ መነሣት አቅቶታል። መብራቱ ደብዘዝ ካለ ኃይሉ ከ220 ቮልት ወርዶ ይሆናል። ወዲያውኑ ይነቀል፤ ኃይሉ ተስተካክሎም ካልተነሣ ባለሙያ ይጠራ።

ድምፁ ደህና ሆኖ የማያቀዘቅዝ ከሆነ ደግሞ በሩ ላይ ወረቀት አድርገው ይዝጉና ይሳቡት። ያለ ችግር ከወጣ የበሩ ጎማ ላልቷል ወይም ቆሽሿል፤ በሳሙና ውኃ ይታጠብ። ከጀርባ ያለው ጥቁር የሽቦ ፍርግርግ አቧራ ከያዘ ሙቀት ማስወጣት ያቅተዋል፤ ፍሪጁ ተነቅሎ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። ትኩስ ወጥ ከነእንፋሎቱ አይግባ፤ ሆኖም ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። የበዓል ሥጋም በትንንሽ ተከፋፍሎ፣ አየር እንዲዘዋወር ተራርቆ ይቀመጥ። ከሥር ውኃ ከተጠራቀመ በውስጡ የኋላ ግድግዳ ሥር ያለችው ቀዳዳ ተደፍናለች፤ ለብ ባለ ውኃ ትከፈታለች። እንደ ቡሌ ባለው ደጋ ደግሞ ቤቱ ራሱ ሲቀዘቅዝ የአንዳንድ ፍሪጅ ሞተር እምብዛም ስለማይነሣ የላይኛው በረዶ ሊላላ ይችላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን ይንቀሉ። ሲመለስም ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይታገሡ፤ ምክንያቱም በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሳይመጣጠን የተነሣ ሞተር ይቃጠላል። ስታብላይዘር መግዛት ሞተር ከመቀየር ይረክሳል። በሩ ካልተከፈተ የታችኛው ክፍል ለአራት ሰዓት ያህል፣ የሞላ ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) እስከ 48 ሰዓት፣ በግማሽ የሞላው እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። መብራቱ የሚዘገይ ከመሰለ ሥጋው ገና በረዶ ሳለ ለጎረቤትና ለችግረኛ ማካፈል ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ነው።

ሰውነቱ ሲነካ የሚነዝር፣ ሽቦው የተላጠ ወይም የመቃጠል ሽታ ያለው ፍሪጅ በቤት ውስጥ አይሞከርም። ጀርባው ላይ «አር-600ኤ» የሚል ከተጻፈበት ጋዙ ተቀጣጣይ ስለሆነ፣ ቱቦው ከተበሳ እሳት አርቆ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። ልጆችም ይህን ይወቁ።

አላህ (ሱ.ወ.) የሰጠንን ጸጋ ከምናባክን አይያድርገን። ወላሁ አዕለም።