ትከሻ፣ እግር፣ ወገብ፦ ጭፈራ ለመማር ለምታስቡ

ሰርግ ላይ ከሰው መሃል ገብቶ እያጨበጨቡ መወዛወዝ ማንም ይችላል። አንድን የጭፈራ ዓይነት ከነምቱ፣ ከነዘፈኑና ከነወጉ ተምሮ፣ የአገሩ ሰው አይቶ «ይሄስ የእኛው ልጅ ነው» እስኪል ድረስ መጨፈር ግን ዓመታት የሚፈጅ ሙያ ነው። በእኛ በአዊ፣ ግምጃ ቤት፣ እንጅባራና ዳንግላ ውስጥ ይህን ሙያ መማር የሚፈልጉ፣ ከየት እንደሚጀምሩ ግን የሚነግራቸው ያጡ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ በስልካቸው ካዩት የመድረክ ትርዒት ይነሱና በአንድ ወር ውስጥ ከዚህም ከዚያም ትንሽ ትንሽ ይቀምሳሉ። በዓመቱ ግን አንዱም ጭፈራ በእጃቸው የለም። እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው፦ አንድ ጭፈራ መርጦ እሱን እስከ ጥግ መማር፤ ሌላውን ቀስ ብሎ ማከል።

ለመምረጥ ደግሞ ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያን ጭፈራዎች በሳይንሳዊ መንገድ ለመመደብ ከሞከሩት ቀደምቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ አገራችን የመጡት የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ጂዮርጅ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ ይገኙበታል። ማርቲን ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የጭፈራ ዓይነቶች ጽፎ አሳትሟል፤ ሌላው የአገሩ ሰው ቲቦር ቫዳሺም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተከታታይ ጽሑፎችን አውጥቷል። ለጀማሪ ግን ከምሁራኑ ሰንጠረዥ ይልቅ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል፦ ጭፈራው የሚኖረው በየትኛው የሰውነት ክፍል ነው? በግርድፉ ሲታይ በሰሜኑ ደጋ ትከሻ፣ ደረትና አንገት ይገዛሉ። ወደ መሃልና ወደ ደቡብ ሲወረድ እግርና ወገብ ሥራውን ይረከባሉ። በምዕራቡና በደቡቡ ቆላ ደግሞ ርግጫና ዝላይ ይበረታሉ። ከዚህ የሚወጣ ብዙ ነገር አለ፤ ለመነሻ ግን ይረዳል።

ለእኛ ቅርቡ እስክስታ ነው፤ ሰፋ አድርጌ የማወራውም ስለ እሱ ነው። እስክስታ ከትከሻ ይጀምራል ይባላል። ከልምድ እንደምናየው ግን የሚጀምረው ከጉልበት ነው። ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ የቆመ ሰው ትከሻው ይደርቃል፤ ጉልበቱን ጥቂት ያላላ ሰው ግን ምቱ ከመሬት ተነስቶ በወገቡ በኩል ደረቱ ላይ ይደርስለታል። ስለዚህ ጀማሪን ወዲያው አቁሞ «ትከሻህን ነቅንቅ» ማለት ጥቅም የለውም። መጀመሪያ ዱካ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፤ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ያሳርፍ። ቀኝ ትከሻውን ወደ ላይ ሲያነሳ ግራውን ዝቅ ያድርግ፤ ከዚያ ያፈራርቅ። ክርኑ መወዛወዝ የለበትም፤ ክርን ከተወዛወዘ እንቅስቃሴውን የሚሠራው ክንድ እንጂ ትከሻ አይደለም ማለት ነው። ይህ ሲለምድ ወደፊትና ወደኋላ ይቀጥላል፤ ከዚያ ሁለቱን ትከሻዎች በአንድነት፤ መጨረሻ ላይ ጥቃቅኑ ንቅናቄ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ ጫፍ ያለው ጡንቻ ይታመማል። ያ ጤነኛ ሕመም ነው፤ የአንገት አጥንት ሕመም ግን ጤነኛ አይደለምና ማቆም ይገባል።

ቀጥሎ ትንፋሽ ይመጣል። ጥሩ እስክስታ መቺ አፉን ዘግቶ አይጨፍርም። በጥርሱ መካከል «እስስ… እስስ…» እያለ አየሩን ቆርጦ ቆርጦ ያወጣል፤ ትከሻውም ከትንፋሹ ጋር ይወድቃል። ትንፋሹን ያልገዛ ሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፊቱ ይጨነቃል፣ ምቱንም ይስታል። አንገት ከሁሉ የሚዘገየው ክፍል ነው፤ ፊት ወደፊት እያየ አንገት ብቻውን ወደ ጎንና ወደፊት ሲሄድ ለማየት ቀላል ይመስላል፤ ለመሥራት ግን ወራት ይጠይቃል።

ምቱስ? የሙዚቃ ሰዎች ችክችካ የሚሉት የስድስት ፈጣን ምቶች ዑደት ነው፤ ሦስት ሦስት ሆነው በሁለት ትልልቅ ምቶች ይሰበሰባሉ። እግር በሁለቱ ትልልቅ ምቶች ይረግጣል፤ ትከሻ በመካከል ያሉትን ትንንሾቹን ይለቅማል። ይህን ሳይጨፍሩ መለማመድ ይቻላል፦ በእግር ሁለት፣ በጣት ጉልበት ላይ ስድስት። ይህን ማድረግ ያልቻለ ተማሪ መጨፈር መጀመር የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ ሰውነቱ የሚከተለው ነገር ሳይኖረው ነው የሚንቀሳቀሰው።

እስክስታም አንድ አይደለም። የጎጃሙ ይነጥራል፤ ደረት ይገፋል፣ ዝላይ ይገባበታል፣ ከሽለላና ከፉከራ ጋር ዘመድ መሆኑ ከአቋቋሙ ይታያል። የጎንደሩ አንገትን ይወዳል፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ገጥመው፣ «ውረድ!» ሲባል እየተያዩ እስከ መሬት ዝቅ የሚሉበት ፉክክር አለው። የወሎው ለስለስ ያለና የተረጋጋ ነው፤ ጉልበቱን ደብቆ ያሳያል። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ መጨፈር የቻለ ሰው በየትኛውም መድረክ የሚፈለግ ሰው ነው።

በአዊ ግን ጭፈራን ከፈረስ ለይቶ ማሰብ ይከብዳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። የፈረስ ውለታ በተለይም የዓድዋው እየተነሳ፣ ያጌጡ ፈረሶች በሽምጥ፣ በስግሪያና በጉግስ ይፎካከራሉ፤ እግረኛው ደግሞ ዳር ይዞ ይዘፍናል። ጭፈራ ለመማር የሚፈልግ የግምጃ ቤት ልጅ ዕለቱን እንደ ተመልካች ብቻ ማሳለፍ የለበትም። የሚሰግር ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጎበዝ ጋላቢ ወገቡ ይለቀቃል፣ ትከሻው ግን ይረጋል፤ የሰውነቱ የላይኛው ክፍል ከታችኛው ራሱን ችሎ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ከዚያ በተሻለ የሚያስተምር የለም። ቋንቋውም ትልቅ ድርሻ አለው። አዊኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ፍቺ ሊለይበት የሚችል ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ዘፈኑ ከቃሉ እንደልቡ መራቅ አይችልም፣ ጨፋሪውም ዘፈኑን ይከተላል። ዘፈኑን በቃሉ ይዞ፣ ትርጉሙን ዐውቆ የሚጨፍርና በድምፁ ብቻ የሚጨፍር ሰው ከሩቅ ይለያያሉ። አያቶቻችሁ ዘንድ ቁጭ ብላችሁ ዘፈኑን ተማሩ፤ «እማማ፣ ይቺን እንደገና ይበሉልኝ» ለማለት አትፈሩ። ይህ ትምህርት ክፍያ አይጠየቅበትም፤ የሚያውቁት ሰዎች ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

ከአዊ ወጣ ስንል የትግራዩ ጭፈራ መልካም ሁለተኛ ትምህርት ይሆናል፤ ትከሻውን ለእስክስታ ለለመደ ሰው ቅርብ ነውና። ሰው ክብ ሠርቶ፣ ከበሮ በአንገቱ ያንጠለጠለው መቺ እየመራ፣ በዝግታ ይራመዳል። ምቱ ብዙ ጊዜ በአምስት ይቆጠራል፤ እርምጃው የሚያነክስ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ከበሮው ሲፈጥን ሰልፉ ይቆማል፤ ጨፋሪዎቹ ዞረው ፊት ለፊት ይገጥሙና ትከሻ ይወርዳል። ጀማሪ የሚሳሳተው በዝግታው ክፍል ነው፤ መራመድ ብቻ ስለሚመስለው ይንቀዋል።

የጉራጌው ፈተና ሌላ ነው። ጉልበት ከፍ እያለ፣ እግር በፍጥነት እየተፈራረቀ፣ እጅ ከደረት ፊት እየሠራ ያለ ዕረፍት ይሄዳል። ይህ የሳንባ ጭፈራ ነው፤ ሩጫ የማይሮጥ ሰው አይዘልቀውም። ከእኛ ደጋ አየር ላይ የሚለማመድ ልጅ እዚህ ላይ ትንሽ ብልጫ ያገኝ ይሆናል። የኦሮሞ ጭፈራ ራሱን የቻለ ዓለም ነው፦ የሸዋው ረገዳ በርግጫና በአንገት ይሠራል፤ የሐረርጌው ሸጎዬ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው በጉልበት እየተወዛወዙ የሚሄድ የጥንዶች ጭፈራ ነው። አንዱን ተምሮ «ኦሮሞኛ እጨፍራለሁ» ማለት አይቻልም። የወላይታው ወገብ ነው፤ ትከሻው ጸጥ ብሎ ወገብ ብቻ የሚሠራበት፣ ለሰሜን ልጅ ከሁሉ የሚከብደው። በሲዳማው የፊቼ ጫምባላላ በዓል የሚታየው ቄጣላ የአባቶች ጭፈራ ስለሆነ ወጣት መድረክ ላይ ቀልሎት ሲጫወትበት ማየት ያሳዝናል። የሐመሮች ኢቫንጋዲ የምሽት ጭፈራ ሲሆን ዝላዩ ጉልህ ነው። በጎረቤታችን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ ዙምባራ የተባለ የበርታ ሕዝብ የትንፋሽ መሣሪያ አለ፤ እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ እያወጣ፣ ሁሉም ተደምረው ዜማ የሚሠሩበት፤ እየነፉም ይጨፍራሉ። ለሕብረት ሥራ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አላውቅም።

በአገራችን ከሁሉ በላይ በሥርዓት የሚሰጠው የእንቅስቃሴ ትምህርት ግን ያለው በቤተ ክርስቲያን ነው። አቋቋም ይባላል፤ ዋነኛ ምስክር ቤቱ ጎንደር በአታ ነው። ተማሪው መቋሚያ፣ ጽናጽልና ከበሮ ይዞ ከቁም ዜማ ወደ ዝማሜ፣ ወደ መረግድ፣ ወደ ጽፋት እያለ ምቱ እየፈጠነ የሚሄድበትን ሥርዓት ለዓመታት ያጠናል። ሊቃውንቱ ይህን ከዘፈን ጋር አይቀላቅሉትም፤ ልክ ናቸው። አመስጋኞቹ የቆሙት በቤተ ክርስቲያን ነውና ሽብሸባውን ወደ መድረክ ማምጣት አይገባም። ይሁን እንጂ የጭፈራ ተማሪ ከዚያ የሚወስደው አንድ ነገር አለ፦ ቀስ ያለው ክፍል ሳይጠና ፈጣኑ አይፈቀድም።

መድረኩ የመጣው በኋላ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ጭፈራን ከሰርግና ከአውድማ አውጥተው በሰልፍ፣ በአልባሳትና በልምምድ አቀረቡት። ባሕር ዳር ያለው የሙሉዓለም የባህል ማዕከልም በክልላችን ይህንኑ ሥራ ይዟል። ለሙያው ክብርና ደመወዝ ያመጡለት እነዚህ ቤቶች ናቸው፤ ውለታቸው ትልቅ ነው። ሆኖም ከመድረኩ አንድ መጥፎ ልማድ ወጥቷል። በየባህል ምግብ ቤቱ አንድ ጨፋሪ በአንድ ምሽት ልብስ እየቀያየረ የስምንትና የዘጠኝ ሕዝብ ጭፈራ ያሳያል። ወላይታ ወገብ ብቻ፣ ጉራጌ ፍጥነት ብቻ፣ ጎጃም ዝላይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እንግዳው ይደሰታል፣ የአገሩ ሰው ግን ራሱን አያገኝበትም። ሥራ ፍለጋ ወደዚያ የሚሄድን ልጅ አልወቅስም፤ እንጀራ ነው። ለመማሪያነት ግን መጥፎ መነሻ ነው።

ዘመናዊውም በር ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ላይ ካርሚና ቡራና የተባለውን ሥራ ከጎዳና ልጆች ጋር መድረክ ላይ አወጣ። ከዚያ ሥራ የተወለደው አዱኛ የዳንስ ቴአትር ልጆቹን ለዓመታት አሠልጥኖ ባለሙያ አድርጓቸዋል። ከእነሱ አንዱ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2005 በሮሌክስ የጥበብ መርሐ ግብር ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር ሠርቷል። በሌላ በኩል መላኩ በላይ በካዛንቺሱ የፈንድቃ አዝማሪ ቤት ወለል ላይ እስክስታን እየጨፈረ አድጎ፣ ያንኑ ቤት የራሱ አድርጎ፣ በኢትዮከለር ቡድኑ እስክስታን ዓለም ዞሮ አሳይቷል። የመላኩን መንገድ አስተውሉት፦ እስከ ዓለም መድረክ ያደረሰው አንድ ጭፈራ ነው፤ እሱን ግን እስከ ሥሩ ያውቀዋል።

ወላጆች «ጨፋሪ ሊሆን ነው ወይ?» ብለው መጨነቃቸው አይገርመኝም፤ አዝማሪን አስጠርቶ ሲጨፍር አድሮ በማግስቱ የሚንቅ ማኅበረሰብ ውስጥ ኖረናል። ልጆቻችሁን የምትልኩ ከሆነ ግን አሠልጣኙን ጠይቁ። ከበሮ መቺ ወይም መሰንቆ ተጫዋች አብሮ አለ ወይስ የሚያስተምረው በስልክ ድምፅ ብቻ ነው? ሰውነት ሳይሞቅ ዝላይ ይጀመራል? ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ጉልበት ይጎዳልና አፈር ወይም ሣር ላይ መለማመድ ይሻላል፤ በእኛ አካባቢ ሣር ችግር አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያስተምረውን ጭፈራ ከማን እንደተማረ ጠይቁት። ሰፈርና ሰው ጠቅሶ መመለስ ካልቻለ ሌላ አሠልጣኝ ፈልጉ።