የቱሉ ዲምቱ ስም በሎስ ሳንቶስ ካርታ ላይ

የአዲስ አበባው ሰፈር ቱሉ ዲምቱ ስሙ በሁለት ዓይነት ፊደል ይጻፋል፤ በግዕዝ ፊደልና የኦሮምኛ ጽሕፈት በሆነው በቁቤ። ጂ ቲ ኤ ሳን አንድሪያስን ከፍቶ በጌሙ ከተማ በሎስ ሳንቶስ ያሉትን ሰፈሮች በራሱ ሰፈር ስም ለመተካት ለሚነሳ ወጣት ሁለቱ እኩል ሥራ አይጠይቁትም። ቁቤው በተለመዱት የላቲን ፊደላት ስለሚጻፍ ጌሙ ያለ ጭቅጭቅ ይቀበለዋል። በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ግን ባዶ ሳጥን ወይም ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ያለቀን ጌም ከፍቶ ጽሑፉን፣ ሥዕሉን ወይም ሕጉን መለወጥ፣ በጌመኞች አነጋገር «ሞድ ማድረግ»፣ ለአማርኛ ጸሐፊ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒዩተር የሚያስቀምጠው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ለዓለም ፊደላት በሙሉ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል የገባበት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ይህ በራሱ የመጣ አይደለም። እንደ ፍስሐ አጥላው ያሉ ባለሙያዎች ፊደሉን ቀድመው ወደ ኮምፒዩተር አምጥተውት ነበር፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ አማርኛን በላቲን ፊደል አስቀምጦ መልሶ ወደ ግዕዝ የሚቀይር «ሴራ» የተባለ ሥርዓት ሠርተዋል። ዛሬ ማንም ሞደር በነጻ የሚጠቀምባቸው ቁጥሮች የእነዚህንና የሌሎች ብዙ ሰዎችን ድካም ይዘዋል።

አደራደሩ ደስ ይላል። ሀ 4608 ነው። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ስለተሰጠው ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 ይሆናል፤ ሰባቱ ድምፆች በተራ ይከተላሉ፤ ስምንተኛዋ ቦታ እንደ ሏ ላሉት ትተርፋለች። ስለዚህ ሉ 4617፣ ም 4637፣ ቱ 4721፣ ዲ 4850 ናቸው። ፊደል የቆጠረ ሰው ሠንጠረዥ ሳያይ ብዙዎቹን በጣቱ ሊያሰላ ይችላል።

ሳን አንድሪያስ ግን ይህን ቁጥር አይረዳም። ለኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ይህ ጌም እያንዳንዱን ፊደል በአንድ ባይት ያስቀምጣል፤ አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ብቻ ይይዛል። የአማርኛ 33 ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹንና ነጥቦቹን ሳንቆጥር። በዚያ ላይ እንግሊዝኛው 95 ያህል ቦታ ይፈልጋል። አይበቃም። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩ የአማርኛ ፎንቶችም ከዚሁ ጥበት ጋር ነው የታገሉት፤ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፋፈሉት፣ ሌሎቹ ግንዱንና ምልክቱን ለየብቻ እያስቀመጡ ገጣጠሙት።

ሞደሩ የሚያደርገው ቦታ መውሰድ ነው። ጌሙ ለፈረንሳይኛ፣ ለጀርመንኛና ለስፓኒሽ ሲባል አናታቸው ላይ ምልክት ያለባቸው ፊደላት አሉት፤ በእንግሊዝኛ ለሚጫወት ሰው አያስፈልጉም። «ቱሉ ዲምቱ» ለመጻፍ የሚያስፈልጉት አራት ብቻ ናቸው፤ ቱ፣ ሉ፣ ዲ፣ ም። የፎንቱን ሥዕል በቲ ኤክስ ዲ ዎርክሾፕ አውጥቶ አራቱን ባዕድ ፊደላት ያጠፋል፣ የእኛዎቹን ይስላል፣ የእያንዳንዱን ስፋት በፎንቱ ዳታ ፋይል ያስተካክላል። ከዚያ የጌሙ ጽሑፍ በተቀመጠበት ፋይል ውስጥ የሰፈሩን ስም በተወሰዱት ፊደላት ይጽፋል። ቃሊቲ ሲጨመር ሦስት አዲስ ፊደል ይመጣል፣ አቃቂ ሁለት፣ ቂሊንጦ ሁለት። አራት ሰፈር በ11 ፊደል። አስቀድሞ ጽሑፉን ጨርሶ ፊደሉን የሚቆጥር ሰው፣ ሙሉ ገበታውን ልሳል ብሎ መሐል ላይ ከሚደክመው ይልቅ ሥራውን ይፈጽማል።

አንዳንድ ምልክቶች ደግሞ አይነበቡም፤ ያዛሉ። በሳን አንድሪያስ በሁለት ~ መካከል የገባች አንዲት የላቲን ፊደል የጽሑፉን ቀለም ትለውጣለች ወይም መስመር ትሰብራለች። ተርጓሚው እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ከሰረዛት ቀለሙ ይጠፋል፤ ከሁለቱ ~ አንዱን ብቻ ከረሳ ጽሑፉ ይዛባል። ማይንክራፍት በተባለው ሌላ ጌም ይህን ሥራ የሚሠራው § ነው፤ ከኋላው 2 ሲከተል አረንጓዴ፣ 6 ሲከተል ወርቃማ፣ 4 ሲከተል ደማቅ ያልሆነ ቀይ። የሰንደቅ ዓላማችን ቀለማት በሦስት ኮድ ይጻፋሉ።

ማይንክራፍት ለአማርኛ ብዙ የሚቀል ጌም ነው። ዩኒኮድን ያውቃል፣ ዩኒፎንት የተባለው ነጻ ፎንቱም የግዕዝ ፊደል አለው፤ ስለዚህ የቋንቋ ፋይሉን መተርጎም ብቻ ይበቃል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ፋይሉ በዩ ቲ ኤፍ 8 መቀመጥ አለበት። በዚህ አቀማመጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ ሀ ለምሳሌ 225፣ 136፣ 128 ትሆናለች። ጌሙ እነዚህን እንደ ሦስት የተለያዩ የአውሮፓ ፊደላት ካነበባቸው በሀ ፈንታ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ኤ፣ ትንሽ ቆብና የዩሮ ምልክት ይወጣሉ። ዘወትር የምንጠቀምባቸው ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225 ስለሆነ ያቺ ባለጭረት ኤ ደጋግማ ትመጣለች። እሷን ያየ ሰው ፊደሉ ጠፋ ብሎ አይደንግጥ፤ የተሳሳተው አነባበቡ ነው። የባይቱ ብዛት ሌላም ጣጣ አለው፤ ለተጫዋች ስም 24 ባይት የሚሰጥ ጌም በአማርኛ 8 ፊደል ላይ ይቆማል።

ከኮድ የሚበልጠው ድካም ሥዕሉ ነው ብዬ አምናለሁ። በ8 በ8 ነጥብ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል በደንብ ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለየው ብዙ ጊዜ ጎኑ ወይም እግሩ ላይ በሚጨመር ትንሽ ቅጥያ ነው፤ የሌ ቀለበት ከተደፈነ ከሊ አይለይም። 16 በ16 ሲሆን ይተነፍሳል። በ256 በ256 ሥዕል ላይ ያንን የሚያህል 256 ክፍል ይገኛል፤ 231ዱን ፊደል ከሞላን በኋላ ለዲቃላዎቹና ለነጥቦቹ የሚተርፈው 25 ብቻ ነው። ከባዶ መሳል ለማይሆንለት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የተባሉት ፎንቶች በነጻ ይገኛሉ።

ቦታ ወስዶ የሚሠራ ሰው ዋናውን ጽሑፍ በዩኒኮድ አስቀምጦ፣ የትኛው ፊደል በየትኛው ቦታ እንደገባ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አብሮ ሊይዝ ይገባል። በተወሰደ ቦታ የተጻፈው ከዚያ ጌም ውጭ ባዕድ ፊደል ብቻ ነው። በ4721፣ 4617፣ 4850 እና 4637 የተቀመጠው ጽሑፍ ግን ዩኒኮድን በሚያውቅ በሚቀጥለው ጌም ላይ እንዳለ ይገባል።