የወገብ ልክና የቤተ ሰብ ጤና

እናቶች ሆይ! በአምቦ፥ በጉደር፥ በጌዶና በጊንጪ ገበያ፥ ቈይቶ የተገናኘ ሰው «ወፈርክ! ተመችቶሃል ማለት ነው» ይባባላል። ልጅ ሲወፍርም ደስ ይለናል። ረኀብን የሚያውቁ አባቶቻችን ውፍረትን እንደ ጸጋ ቢቈጥሩት አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ሥጋ መልበስና ቦርጭ ማውጣት አንድ አይደሉም።

በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፥ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 3ቱ ከልክ በላይ ወፍራሞች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ቍጥሩ ከመቶ 8 ደረሰ። በዚያው ዓመት ግን ከመቶ 22ቱ ከሲታዎች ነበሩ። እንግዲህ ረኀቡ ሳይወጣ ውፍረቱ ገብቷል ማለት ነው።

ቦርጭ ለምን ያሠጋል?

በሆድ ውስጥ ጉበትንና አንጀትን የሚከበው ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሞራ አይደለም። ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባውን ኢንሱሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ሥራውን ያሰናክልበታል። በዚህ ምክንያት የደም ስኳር ይጨምራል፤ የደም ግፊት ይነሣል፤ በደም ውስጥ ያለው ስብም ይበዛል። እነዚህ ተያይዘው የሚመጡ ጠላቶች ናቸው። መጀመሪያ አያሳምሙም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ልብን፥ ኵላሊትንና ዓይንን ይጐዳሉ። በከሲታነት ያደገ ልጅ ኋላ ሲወፍር አደጋው ይብስበታል።

እንዴት ይለካል?

የሰውየውን ቁመት በገመድ ለኩና ገመዱን ለሁለት እጠፉት። ትንፋሹን ለቆ ሲቆም፥ ከጐድን በታች ከዳሌ በላይ ወገቡን ዙሩበት። ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ መልካም ነው። ካልተገናኘ ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱንና ስኳሩን ይለካ። ይህ ከ5 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅም ያገለግላል፤ ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም።

ምን እናድርግ?

1ኛ፤ ስኳር። ለአዋቂ በቀን ከ6 የሻይ ማንኪያ ባያልፍ ይመረጣል። አቦል፥ ቶናና በረካ በየስኒው 2 ማንኪያ ከተጨመረበት ሒሳቡ እዚያው አለቀ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። ልጅ ሲጠማው ንጹሕ ውሃ ስጡት። ለእንግዳም ያልጣፈጠውን የአምቦ ውሃ ብታቀርቡ ክብሩ አይጐድልም፤ ስኳር የለበትምና።

2ኛ፤ ዘይትና ጨው። የሚረጋውን ዘይት ቀንሱ። ጨው ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይለፍ። ቆሎና በሶ በቤት እያለ ቦምቦሊኖ የልጅ የዘወትር ቁርስ አይሁን።

3ኛ፤ እንቅስቃሴ። ልጅ በቀን 1 ሰዓት ይሩጥ፥ ይጫወት። አዋቂ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ይራመድ። ውሃ የምትቀዳ እናት ይህን ታሟላለች፤ ከተማ ገብታ ሱቅ የምትውለውና በባጃጅ የምትመለሰው ልጇ ግን አታሟላም።

4ኛ፤ ሕፃናት። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃል። ወፍራም ልጅ አይራብ፥ አይሰደብም። ከሲታ ልጅ ያላችሁም ይህን ሰምታችሁ ምግቡን እንዳትቀንሱበት፤ እንቍላልና ወተት ጨምሩለት እንጂ።

ሽንት የበዛበት፥ ውሃ ጥም የጠናበት፥ ቍስሉ አልድን ያለው ሰው ካለ ሳይውል ሳያድር ይመርመር። ገመድ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዛሬውኑ ከአባወራው ጀምራችሁ ለኩ።