ተጎታች ያይደለው ሠረገላ፦ ከባንድቫግን 206 ጋር ትውውቅ

በስዊድን ሰሜናዊ ክፍል፣ የጥድ ደንና ረግረግ እየተፈራረቁ በሚዘረጉበት አገር የሚኖር ሰው፣ የብርዱ ወራት ገብቶ ምድሩ በበረዶ በተከደነና ባለ ጎማው ተሽከርካሪ ሁሉ ከተጠረገው ጎዳና መውጣት በተሳነው ጊዜ፣ አንድ ጠባብና ረዥም ሠረገላ ብቻ መንገዱን ትቶ፣ በወገብ ልክ በተከመረው በረዶ ላይ እንደ ታንኳ እየተንሳፈፈ ወደ ደኑ ሲገባ ያያል። ይህ ሠረገላ ባንድቫግን 206 ይባላል፤ በስዊድንኛ «ባንድ» ሰንሰለቱ፣ «ቫግን» ሠረገላው ስለ ሆነ፣ ስሙ ያለ ድካም «ባለ ሰንሰለት ሠረገላ» ተብሎ ይተረጐማል።

ለትውውቅ የሚበቃውን በአጭሩ ላስቀድም። ኤርንሼልድስቪክ በተባለችው የወደብ ከተማ የሚገኘው የሄግሉንድስ ፋብሪካ ለስዊድን ጦር ሠራዊት ብሎ ሠራው፤ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1980 ጀምሮም ባንድቫግን 202 የተባለውን ታላቅ ወንድሙን ተክቶ እስከ አንታርክቲካ የምርምር ሰፈሮች ድረስ ተዳረሰ። አካሉ በመገጣጠሚያ የተያያዙ የፊትና የኋላ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ርዝመቱ 7 ሜትር ያህል ሲሆን ወርዱ 2 ሜትር አይሞላም፤ ከሾፌሩ ጋር 17 ሰው ይይዛል፤ ገላው ከፋይበርግላስ የተሠራ ስለ ሆነ አይዝግም።

በረዶው ስለ ምን አይውጠውም ለሚል፣ በጥቁር አፈር አገር ያደገ ሰው መልሱን ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ በሐምሌ ማጥ ውስጥ ጠባብ ኮቴ ያለው ሲዘፈቅ፣ ሰፊ ሳንቃ ዘርግቶ የሚረግጥ ይሻገራልና። ባዶውን 4 ቶን ተኩል ያህል የሚመዝነው ይህ ሠረገላ ክብደቱን የሚያሳርፈው እያንዳንዳቸው 62 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው አራት የጎማ ሰንሰለቶች ላይ ነው፤ ስለዚህም በእያንዳንዱ ስንዝር መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጫና በእግሩ ከሚራመድ ሰው ጫና ያንሳል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልግባ። ከዚህ ሠረገላ ጋር የሚገናኘው ሰው አብዛኛው፣ የፊተኛውን ክፍል «መኪናው»፣ የኋለኛውን «ተጎታቹ» ብሎ ይጠራል፤ ይህን ስያሜ በሰማሁ ቁጥር ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። ተጎታች ማለት የራሱ ኃይል የሌለው፣ ሌላው በሳበው መጠን የሚከተል ሸክም ነው። የባንድቫግን የኋላ ክፍል ግን፣ ከፊተኛው ክፍል ሞተር ተነሥቶ በመገጣጠሚያው በኩል የሚያልፍ የኃይል ዘንግ ሁለቱን ሰንሰለቶቹን ስለሚያሽከረክርለት፣ በገዛ እግሩ ይሄዳል፤ የፊተኛው ሲደክም ይገፋዋል፣ እርሱ በተራው ሲሰምጥ የፊተኛው ይስበዋል።

ከዚህ ስሕተት ጋር እንደ መንታ የተወለደ ሌላም አለ፤ ሰንሰለት ያለው ሁሉ እንደ ታንክና እንደ ቡልዶዘር ይታጠፋል ማለት ነው። እነዚያ የሚታጠፉት አንዱን ሰንሰለት አዘግይተው ሌላውን በማስኬድ ሲሆን፣ በጠንካራ መሬት ላይ ይህ ጉዳት ባይኖረውም፣ በበረዶ ላይ ግን የዘገየው ሰንሰለት የተሸከመውን ቅርፊት እንደ አካፋ ፍቆ ይሰብረዋል፤ ኃይል እጅግ በሚያስፈልግበት በዚያው ቅጽበትም ከግማሹ ወገን ኃይል ይጐድላል። ባንድቫግን ግን የሚታጠፈው ከወገቡ ነው፤ መሪው ሲዞር በሁለቱ አካላት መካከል ያሉት የሃይድሮሊክ ክንዶች አንዱ እየረዘመ ሌላው እያጠረ ሠረገላውን ያጥፉታል፣ አራቱም ሰንሰለቶች ግን መሳባቸውን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አያቋርጡም። መገጣጠሚያው ወደ ጐን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚታዘዝ፣ እንዲሁም ሁለቱ አካላት በየራሳቸው ማዘንበል ስለሚችሉ፣ ወጣ ገባው መሬት ሁሉ ከሰንሰለቶቹ አይለይም።

ይህን ያስተማሩኝ በደን ሥራ ያረጁ አንድ ስዊድናዊ ሾፌር ናቸው። በአንድ የካቲት ከአጠገባቸው ተቀምጬ ስጓዝ፣ በበረዶ ሥር በተሸሸገ ቦይ ውስጥ የፊተኛው ክፍል አፍንጫውን ደፍቶ ገባ። እኔ አካፋ ላወርድ በሩን ስይዝ ሽማግሌው በእጃቸው ምልክት አስቀመጡኝ፤ ማርሹን ዝቅ አድርገው፣ ነዳጁን በዝግታ እየሰጡ፣ መሪውን ቀስ ብለው ወደ ግራ፣ ደግሞ ወደ ቀኝ አዞሩ። የኋላው ክፍል በጠንካራው ዳር ቆሞ ሲገፋ፣ የፊተኛው ራሱን እንደ እባብ እያወዛወዘ፣ በየጊዜው አዲስ ያልተረገጠ በረዶ እየያዘ ወጣ። «ወንድሙ ከኋላው ነው፤ ምን ቸገረው?» አሉኝ። አካፋው ከታሰረበት አልተፈታም።

ከዚያ ወዲህ፣ ሰንሰለቱ መንሸራተት ሲጀምር ነዳጁን እስከ ወለሉ የሚረግጠውን ሾፌር ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ፤ ጉድጓዱን በገዛ እጁ ያጠልቃልና። ጥልቅ በረዶ ውስጥ በከፍተኛ ማርሽ የሚያዘግመውም እንዲሁ ይበድላል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮው በውስጡ እየተንሸራተተ ዘይቱን ያግላል፣ ካምቢዮም የሚሞተው በግለት ነው። ቁልቁለት ሲወርዱም በፍሬን ከመመካት ዝቅተኛ ማርሽ ይዞ ሞተሩን ማስያዝ ይገባል።

በረዶውንም ለይቶ ማወቅ ያሻል። አማርኛችን ብዙውን ጊዜ ሁሉን በአንድ ቃል «በረዶ» ብሎ ሲያልፍ፣ ግእዝ ግን በረድ፣ አስሐትያ፣ ሐመዳ እያለ ይለያል፤ ለሾፌር የሚጠቅመው የግእዙ ልማድ ነው። እንደ ጥጥ የለዘበው አዲስ ሐመዳ ዝግተኛና ያልተቋረጠ ጉዞ ይፈልጋል፤ ቅርፊት ያበጀው አሮጌ በረዶ እንዳይሰበር ሰፋ ያለ መታጠፍ ይሻል፤ በጐን ያዘነበለ አስሐትያ ላይ ግን ሰንሰለቱ የጎማ ስለ ሆነ ይንሸራተታል፣ ዞሮ መሄድ ይሻላል።

በውኃ ላይ መንሳፈፉን ብዙዎች እንደ ተአምር ያወሩታል። ይንሳፈፋል፤ ነገር ግን የሚቀዝፈው በዚያው በሰንሰለቱ ስለ ሆነ በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር አያልፍም፣ ኃይለኛ ጅረትም ያሸንፈዋል። ከመግባት በፊት የሥሩ መድፈኛዎች መጥበቃቸው በእጅ ተዳስሶ ይረጋገጥ፤ ከወጡ በኋላም በውስጡ የቀረ ውኃ ሳይረጋ ይፍሰስ። ከውኃ ወደ በረዶ ዳር መውጣት ለሌላው ተሽከርካሪ ከባዱ ፈተና ሲሆን፣ እዚህም የሚያወጣው ያ «ተጎታች» ያሉት የኋላ ክፍል ነው፤ ገና እየተንሳፈፈ ከኋላ ይገፋል።

ስለ እንክብካቤ ጥቂት ልጨምር። የላላ ሰንሰለት ከጥርሳሙ መዘውር ይወጣል፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ደግሞ ኩሽኔቶቹን ይበላል፤ ስለዚህ ውጥረቱ በየጊዜው ይታይ። መገጣጠሚያው ግሪስ አይጉደልበት። በአስፋልት ላይ ረዥም መንገድ መንዳት ሰንሰለቱንም መዘውሩንም ያግላል፣ ያሳልቃልም፤ ሩቅ ከሆነ በጭነት መኪና ይጫን።

ማታ ማታ ሽማግሌው ሞተሩን ከማጥፋታቸው በፊት በመንኰራኵሮቹ መካከል የተጠቀጠቀውን በረዶ በእንጨት እየመቱ ያራግፉ ነበር፤ ከዚያም የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጠው መሬት ላይ ይነሰንሱና ሠረገላውን ቀስ ብለው ከነኋላ ክፍሉ ያሳርፉበት ነበር። በቀን የሞቀው ሰንሰለት ያቀለጠው በረዶ ሌሊት ሲረጋ ጎማውን ከምድር ጋር ያጣብቀዋልና፣ ቅርንጫፉን የተወ ሾፌር ጧት በዶማ ሲታገል፣ እርሳቸው ቡናቸውን ጠጥተው ይነሡ ነበር።