በወገብ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና ወቅት የሚከሰት የዱራ መቀደድና ከጥገናው በኋላ የሚከተሉ ችግሮች

አንጎልንና ህብለሰረሰርን ከሚሸፍኑት ሦስት ሽፋኖች ውጫዊውና ጠንካራው ዱራ ማተር ይባላል። ይህ ሽፋን በአዋቂ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚሆን ፈሳሽ ይዟል። ሰውነት በቀን ወደ 500 ሚሊ ሊትር ስለሚያመነጭ ፈሳሹ በየዕለቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ይታደሳል። በአዋቂ ሰው ህብለሰረሰር የሚያበቃው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት አካባቢ ነው። ስለዚህ ከዚያ በታች ዱራ ሲቀደድ ለአደጋ የሚጋለጡት የነርቭ ሥሮች ናቸው።

ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምና በተደረገበት ቦታ ላይ ጠባሳ ከዱራ ጋር ስለሚጣበቅ የመቀደዱ ዕድል ይጨምራል። በቀዶ ሕክምናው ወቅት ታይቶ በሚገባ የተጠገነ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ዘላቂ ጉዳት አይተውም። ችግሩ የሚበረታው ቀዳዳው ሳይታይ ሲቀር ወይም ጥገናው ፈሳሹን መግታት ሲያቅተው ነው።

ጥገናውም የራሱ አደጋ አለው። መርፌው የሚተወው ቀዳዳ ፈሳሽ ሊያሾልክ፣ የነርቭ ሥርም በስፌቱ ሊያዝ ይችላል። በመሆኑም ሐኪሙ በቀዳዳው የወጡትን ነርቮች በጥንቃቄ ወደ ውስጥ መልሶ በቀጭን ክር ይሰፋል፤ የሰመመን ባለሙያውም ለአፍታ የደረት ግፊትን ከፍ በማድረግ ስፌቱ መያዙን ለማረጋገጥ ይረዳል። መስፋት በማይቻልበት ጊዜ ከሕመምተኛው የተወሰደ ጡንቻ ወይም ስብ ይለጠፍበታል፤ ፋይብሪን የተባለው ማጣበቂያ በሚገኝበትም ይጨመራል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፈሳሹ መፍሰሱን ከቀጠለ የመጀመሪያው ምልክት ብዙውን ጊዜ ሲቀመጡ ወይም ሲቆሙ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀንስ ራስ ምታት ነው። ማቅለሽለሽ፣ የጆሮ ጩኸት፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየትም ሊከተል ይችላል። ፈሳሹ ከቆዳ ሥር ሲጠራቀም ሱዶሜኒንጎሲል የሚባል እብጠት ይፈጠራል። በቁስሉ በኩል ከወጣ ደግሞ ለተሕዋስያን መግቢያ ይከፍታል፤ ማጅራት ገትርም ሊያስከትል ይችላል። ከቁስሉ ሥር የተቀመጠ ማፍሰሻ ቱቦ በኃይል እንዲስብ ከተደረገ ብዙ ፈሳሽ በማውጣት፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ከቁስሉ ርቆ በጭንቅላት ውስጥ ደም እንዲፈስ ምክንያት ይሆናል።

እነዚህን ምልክቶች አስቀድሞ የማየት ዕድል ያለው በተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ያለው ነርስ ነው። በጠራ ፈሳሽ የራሰ ፋሻ በሌላ ተለውጦ ብቻ ሊታለፍ አይገባም፤ ለቀዶ ሐኪሙ ወዲያው ይነገራል። ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ የንቃት መቀነስ፣ አዲስ የእግር ድካም ወይም ሽንት አልወጣ ማለት አስቸኳይ ምርመራ ይፈልጋሉ። ብዙ ሐኪሞች ሕመምተኛው አንድ ወይም ሁለት ቀን በጀርባው እንዲተኛ ያዛሉ። ይሁንና ለረጅም ጊዜ መተኛት የደም መርጋትንና የሳንባ ኢንፌክሽንን ስለሚጋብዝ ከሚያስፈልገው በላይ ሊራዘም አይገባም።

ይህ ሁሉ ክትትል የሚሠራው መቀደዱ ሲታወቅ ነው። በመሆኑም ዱራው የት እንደተቀደደ፣ በምን እንደተጠገነና ምን መጠበቅ እንዳለበት በቀዶ ሕክምናው ዘገባ ላይ በግልጽ ሊሰፍር፣ ለተረኛው ባለሙያም በቃል ሊነገር ይገባል። ሕመምተኛውም ወደ ቤቱ ሲሸኝ በየትኞቹ ምልክቶች ሳይዘገይ መመለስ እንዳለበት ማወቅ አለበት። ዘገባው ላይ ያልተጻፈ ቀዳዳ ለሌሊቱ ተረኛ ተራ ራስ ምታት መስሎ ይታየዋል።