አምባ ያለው ዓሣ

«የመቅደላ ልጅ፣ ያውም የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ ስለ ባሕር ዓሣ ምን አገባው?» የሚል ወዳጅ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። እውነቱን ነው፤ በኛ በኩል የምናውቀው ውሃ በሽሎ ነው፤ እርሱም ወርዶ ዓባይ ይገባል እንጂ ጨው የለበትም። ነገር ግን ዛሬ የማወሳው ዓሣ ጠባዩ የአምባ ሰው ጠባይ ስለ ሆነ አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ።

በቀይ ባሕር፣ በኮራል ዐለት ጉድጓድ ውስጥ፣ ሊዮፕሮፖማ ሱሱሚ የሚባል ትንሽ ዓሣ ይኖራል። የሳይንስ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ከዘመዶቹ አንዱ የሆነው ግዙፉ ግሩፐር ግን ከ2 ሜትር በላይ ያድጋል። የዚሁ ወገን የሆነው ሊዮፕሮፖማ ሩብሬ ደግሞ በካሪቢያን ባሕር ይገኛል፤ ሰውነቱ በቀይና በቢጫ መስመር ያጌጠ ስለ ሆነ በቤታቸው የባሕር ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች በጣም ይፈልጉታል። እነዚህ ዓሦች ቀኑን በዋሻቸው ተሸሽገው ያሳልፋሉ፤ ምግባቸውም ትንንሽ ሽሪምፕና የመሳሰለው ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የገዛው ሰው ዘወትር ሊያየው ስለሚፈልግ በመስታወቱ ገንዳ ውስጥ ሁለት ድንጋይ ብቻ ያኖርና ኃይለኛ መብራት ያበራበታል። ዓሣው ጥግ ይዞ ይቀራል፤ መብላት ይተዋል፤ ይከሳል። ይልቁንስ ብዙ ቀዳዳ ያለው ዐለት ቢከመርለት፣ መብራቱ ቢለዝብና ተደባዳቢ ዓሣ ባይገባበት፣ ከቀናት በኋላ ራሱን ብቅ ያደርጋል፤ ውሎ አድሮም በሰው ፊት ይዘዋወራል። ማምለጫው ቅርብ መሆኑን ሲያውቅ ይደፍራልና። ከገጠር መጥቶ ገና ዩኒቨርሲቲ የገባን ተማሪ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ውሃውም አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። በአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም የባሕር ጨው፣ ሙቀቱም ወደ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። አዲስ ገንዳ ለጥቂት ሳምንታት መቆየት ይገባዋል፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛም አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በዐለቱ ላይ የሚራቡት በዚህ ጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ነገር ገና አልተነገረም። በጉድጓድ የሚኖር ዓሣ በመረብ ለመያዝ ያስቸግራል። በዚህ ምክንያት በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ባሕር ሳይናይድ የተባለውን መርዝ በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ የሚረጩ አጥማጆች ተገኝተዋል። ዓሣው ደንዝዞ ይወጣል፤ ከተያዘም በኋላ ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ መጠጊያው የነበረው ኮራልም አብሮ ይጠፋል። አንድ ዓሣ ለመያዝ የብዙዎች አምባ ይፈርሳል ማለት ነው።

ስለዚህ ይህን ዓሣ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቅ፤ ሻጩን «በምን ተያዘ?»፣ ራሱን ደግሞ «በቤቴ የት ይሸሸጋል?» ብሎ። ለሁለቱም መልስ ካላገኘ ገንዳውን ባዶ ቢተወው ይሻላል።